የሰፈራችን ቪዲዮ፦ የጠፋውም የተረፈውም

ይህን የምጽፈው በየሰፈሩ ስኬትቦርድ ጀምረው እርስ በርስ በስልክ እየተቀራረጹ ላሉ ልጆች ነው። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። ለስምንት ዓመት ያህል የቡድናችን ካሜራማን ነበርኩ። በእነዚያ ዓመታት በእኔ ጥፋት አንድ ልጅ እጁን ሊያጣ ነበር። የሦስት ዓመት ቀረጻም ከእጄ ጠፍቷል። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ሁለቱም ይቀሩ ነበር። እናንተ ጋ እንዳይደርስ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ላፍቶ ያለው የስኬት ሜዳ ተከፈተ። ኢትዮጵያ ስኬት የሚባለው የወጣቶች ስብስብ፣ ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ ከተባለ ድርጅትና ከውጭ ከመጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ በኮንክሪት የሠራው ነው። አንድ የክፍሌ ልጅ ነገረኝና ለማየት ብቻ ሄድኩ። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ላፍቶ፣ ሁለት ታክሲ። ስመለስ መሽቶ ነበር፤ ጉልበቴ ተልጦ፣ ሱሪዬ ተቀዶ። እናቴ ተጣልቼ የመጣሁ መስሏት ነበር። በማግስቱም ሄድኩ።

ያኔ የራሳችን ቦርድ አልነበረንም። የተዋስነውን አንድ ቦርድ ለስድስት ነበር የምንጋልበው። ተራ እንይዛለን። አንዱ ሲሞክር አምስታችን ዳር ቆመን እናያለን። ስኬት ብቻህን የምትሠራው ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። ለሁለት ወር ኦሊ፣ ማለት ቦርዱን በእጅ ሳይዙ ከነቦርዱ መዝለልን፣ ስትሞክር ከርመህ አንድ ቀን አራቱም ጎማ ከመሬት ሲነሳ፣ ዳር የቆሙት ሁሉ ቦርዳቸውን መሬት ላይ ያንኳኳሉ። የስኬተር ጭብጨባ እሱ ነው። እኛ ቦርድ ስላልነበረን በጫማችን ነበር የምንመታው። ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ሜዳው እስኪደርሰን አንጠብቅም ብለን ሰፈራችን ውስጥ መፈለግ ጀመርን። ካዛንቺስ አንድ የቆየ ሕንፃ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ሦስት ደረጃና ዝቅ ያለ የእብነ በረድ ጠርዝ ያለው። ጠርዙን ሻማ ቀብተን አለሰለስነው። ቦርዱ ሳይነክስ እንዲንሸራተት ነው። ከደረጃው ጎን ቡና የሚያፈሉ እትዬ ነበሩ። መጀመሪያ ያባርሩናል ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን ስንመጣ ሲያዩ ምንም ሳይናገሩ ረከቦታቸውን አንስተው ወደ አረንጓዴው የቆርቆሮ በር ያስጠጉልን ነበር። ጥበቃው ሲጮህብን «ተዋቸው፣ ልጆች ናቸው» የሚሉትም እሳቸው ነበሩ።

ቀረጻ የጀመርኩት እዚያ ደረጃ ላይ ነው፤ መስታወቱ በተሰነጠቀ የወንድሜ ስልክ። ስልክ ላይ የውጭ ልጆችን እናይ ነበር፤ ልክ እንደ መስታወት በለሰለሰ መሬት ላይ ሲበሩ። ደስ ይላል፣ ግን ሩቅ ነው። አንድ ቀን ከእኛው አንዱ የሰፈራችንን ቦይ በኦሊ ሲሻገር ቀረጽኩት። ቪዲዮው ዐሥር ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ማታውኑ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በሳምንቱ ቦዩ አጠገብ አራት አዳዲስ ልጆች ቆመው አገኘን። ያንን ቦይ ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው ሲሻገሩት የኖሩ ናቸው። የውጩ ልጅ ቢዘል ሌላ ዓለም ነው፤ የጎረቤት ልጅ ሲዘለው ግን «እኔስ?» ያሰኛል። የሰፈር ቪዲዮ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ከማሙሽ ጋር የሆነውን ልንገራችሁ። ከሁላችንም ትንሹ ስለነበር ሁላችንም ማሙሽ ነበር የምንለው። በ2010 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ፍርሃት የሚባል አያውቅም። እኔ ያኔ ለአንድ ትልቅ የቡድን ቪዲዮ ቀረጻ እያጠራቀምኩ ነበር፤ መጨረሻው ላይ እንዲሆን የፈለግኩት ማሙሽ ሦስቱን ደረጃ በኪክፍሊፕ፣ ቦርዱን አየር ላይ ከእግሩ ሥር አዙሮ፣ ሲወርድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሞከረ። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። ሁለቴ ቦርዱ ላይ አርፎ ነበር፤ እግሩ ተንሸራተተ። ፀሐይዋ እየወረደች ነው። ልጁ ቁርጭምጭሚቱን እያሻሸ «ነገ ልድገመው» አለኝ። እኔ ደግሞ ብርሃኑ አምሮልኛል። «አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ» አልኩት።

ያቺን «አንዴ ብቻ» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ወደቀ፤ እጁን ቀጥ አድርጎ መሬት ላይ ተመረኮዘ። ሲነሳ ክንዱ ከአንጓው በላይ ጠምሟል። አላለቀሰም። ወደ እኔ አየና «ቀረጽከው?» አለኝ።

ቀጥሎ የሠራነው ከመውደቁ የባሰ ጥፋት ነው። እናቱን ፈራን። ሐኪም ቤት ብንሄድ ወላጅ ይጠራል፣ ገንዘብም የለንም አልን። ወጌሻ ጋ ወሰድነው። ወጌሻው አሽተው በቀርከሃ አሰሩት። ለእናቱ ወለም ብሎት ነው ብለን ዋሸን። በሦስተኛው ቀን ማታ ማሙሽ እየተንቀጠቀጠ እኛ ቤት መጣ። ጣቶቹ አብጠው ቆዳቸው ተወጥሯል፤ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀለም ይዘዋል። ስነካቸው ይቀዘቅዛሉ። «አይሰማኝም» አለኝ። ያን ጊዜ እናቱን ቀስቅሰን በሌሊት ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ መጀመሪያ የሠራው ማሰሪያውን መቁረጥ ነበር። ከዚያ ራጅ ተነሳ፤ ሁለቱም የክንዱ አጥንቶች ተሰብረዋል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እጁ ይቆረጥ እንደነበር ለእናቱ ሲነግራቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ። ወጌሻ ብዙ ሰው እንደጠቀመ አውቃለሁ፤ የራሴን አያት ጨምሮ። ግን የተሰበረ አጥንት በእጅ ዳሰሳ አይታይም። ሰው ወድቆ ክንዱ ወይም እግሩ ከጠመመ፣ ወይም መንካት እስኪያቅት ካመመው፣ መጀመሪያ ራጅ። ቀጥ ባለ ነገር ደግፋችሁ፣ በነጠላም በሻርፕም አንጠልጥላችሁ ውሰዱት፤ አትሹት፣ አትጎትቱት። በሐኪም ጀሶም ቢሆን ታስሮ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ እስኪነጋ አትጠብቁ። ደግሞ ለወላጅ አትዋሹ። የእናት ቁጣ ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው።

የማሙሽ እናት ቁጣ ግን ከሳምንትም አለፈ፤ መብታቸው ነው። የቡናዋን እትዬ ለምኜ አብረውኝ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። እናቱ ብዙ አልተናገሩም። «ልጄን ለጨዋታ እንጂ ለካሜራ አልሰጠሁህም» አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ለሁለት ወር ያህል ካሜራ አልነካሁም። ስመለስ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ካሜራ የያዘ ሰው «ድገመው» አይልም። መድገም የሚፈልግ ራሱ ይጠይቃል። «በቃኝ» ካለ ካሜራው ይጠፋል፤ ብርሃኑ ምንም ቢያምር። ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከደረጃ ሲወርድ የራስ ቁር ያደርጋል፤ ቡድኑ ያለው አንድ ቁር ብቻ ከሆነም እየተቀያየርን። አወዳደቅንም እንደ ትሪክ፣ እንደ ማንኛውም የቦርድ ጥበብ፣ አስተማርን፦ እጅን ቀጥ አድርጎ አለመመርኮዝ፣ ሰውነትን ሰብሰብ አድርጎ በትከሻ መንከባለል። ማሙሽ ራሱ ነው አሁን ለትንንሾቹ የሚያሳየው።

ሁለተኛው ጥፋቴ በ2012 መጣ። ከ2009 ጀምሮ የቀረጽኩት ሁሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነበር። ቅጂ አልነበረኝም። እገዛለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት ሄደ። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ላይ ወደቀብኝ፤ ከጉልበት ከፍ ከማይል ጠረጴዛ። ስሰካው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ አይከፈትም። አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት፤ ከፍቶ ሞከረና ጭራሽ አበላሸው። የመጀመሪያው ቦይ፣ የመጀመሪያው ኦሊ፣ በኋላ ከአገር የወጡ ሁለት ጓደኞቻችን የነበሩበት ሁሉ አብሮ ሄደ። ወቅቱ ደግሞ ወረርሽኙ ቤት ያስቀመጠን ጊዜ ነበር። መውጣት የለም፣ መገናኘት የለም፣ የድሮውን ማየት እንኳ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቪዲዮው ለእኛ ምን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ጉብዝናችንን ለሰው ለማሳየት አልነበረም። አብረን እንደነበርን ማስረጃው እሱ ብቻ ነበር።

የተረፈችው አንዲት ቁራጭ ናት። ቦዩን የዘለለው ልጅ ለአክስቱ በቴሌግራም ልኮላት ነበር። ከእሷ ስልክ ተገኘች። ጥራቷ ወርዷል፣ ፊቱ አይለይም። ግን አለች።

ስለዚህ የቀረጻችሁትን የዚያኑ ዕለት ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን፤ ጓደኛ ቤት ወይም ኢንተርኔት ላይ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል። የፋይሉን ስም በቀንና በቦታ ጻፉት፤ «አዲስ ቪዲዮ 3» የሚል ስም ከዓመት በኋላ ምንም አይነግራችሁም። ቅጂ ደግሞ አትሰስቱ። ለልጆቹ ሁሉ አከፋፍሉት። እኔ ቪዲዮው ሳያልቅ አይወጣም እያልኩ ብቻዬን ደብቄ ይዤ ነበር፤ ብቻዬን ስለያዝኩት ነው የጠፋው።

ዲስኩ ከሞተ በኋላ ከዜሮ ጀመርን። ላፍቶ ሜዳ ላይ ያገኘሁት አንድ የውጭ ስኬተር ስለ ድሮ ካሜራዎች አጫወተኝ። ሶኒ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪኤክስ 1000 የሚባል የቤት ካሜራ ነበር፤ በትንንሽ ካሴት የሚቀርጽ። አናቱ ላይ እጀታ ስላለው ካሜራማኑ አንጠልጥሎት፣ ሌንሱን መሬት አስጠግቶ፣ በራሱ ቦርድ እየተነዳ ይከተላል። ፊቱ ላይ ሰፊ የሚያሳይ የዓሣ ዐይን ሌንስ ይገጠምለታል። የብዙ አገር የሰፈር ቪዲዮ መልክ ከዚያ ካሜራ ነው የወጣው። እኔም ከተሰበረ ቦርድ እንጨት ቆርጬ ለስልኬ እጀታ ሠራሁ፤ ለስልክ የሚቆነጠጥ ሰፊ ሌንስም ገዛሁ። እጀታዋ ዛሬም አለች።

ከዚያ ሥራ የተማርኩት ጥቂት ነገር አለ። ስልኩን አግድም ያዙትና ሌንሱ ወደ ታች እንዲሆን ገልብጡት፤ መሬት ሲጠጋ ደረጃው ትክክለኛ ቁመቱን ያገኛል። ከላይ ቆማችሁ ከቀረጻችሁት ትልቁ ደረጃ ትንሽ ይመስላል፤ ልጁ ይከፋዋል፣ እውነቱን ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ስክሪኑን ተጭናችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉት። የካሜራማኑ ቦርድ ለስላሳ ጎማ ይሁን፣ የጥንካሬ ቁጥሩ 78 ኤ አካባቢ። ባለ 99 ኤ ጠንካራ ጎማ በእኛ አስፋልት ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጩኸቱም የምትቀርጹትን ልጅ ድምፅ ይውጠዋል። የቦርድ ድምፅ ደግሞ የቪዲዮው ግማሽ ነው። ሰው ሰምቶ ብቻ ትሪኩ መያዙን ያውቃል።

ከሁሉም በላይ ግን ቶሎ አታጥፉ። ልጁ አርፎ ከሄደ በኋላ አምስት ሰከንድ ጨምሩ። ሩጫው፣ እቅፉ፣ ቦርድ ማንኳኳቱ ያኔ ነው የሚመጣው። እኔ መጀመሪያ ትሪኩ እንዳለቀ እቆርጥ ነበር። አሁን ስናይ ሰው የሚያስመልሰው ያንን አምስት ሰከንድ ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። የጎማው ኩሽኔታ 608 የሚባለው ቁጥር ነው፤ ይኸው መጠን በሌላ ማሽንም ውስጥ ስለሚገባ ቁጥሩን ይዛችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። ክረምት ላይ በእርጥብ መሬት አትንዱ። እንጨቱ በሙጫ የተጣበቁ ሰባት ስስ ንጣፎች ነው፤ ውሃ ከገባው ይላቀቃል፣ ኩሽኔታውም ይዝጋል።

አንድ ጥፋት ደግሞ አለ፤ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። በጠፋው ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ሴት ልጅ አልነበረችም። ሴት ልጆች ስላልነበሩ አይደለም። ሁለት እህትማማቾች ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ነበሩ። ስልክና ቦርሳ እናስይዛቸው ነበር። አንድ ቀን ታላቂቱ «እኔን መቼ ነው የምትቀርጸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ የሚባል የሴቶች ቡድን ተመሠረተና ሁለቱም እየሄዱ ከእኩዮቻቸው ጋር መንዳት ጀመሩ። በአዲሱ ቪዲዮ ታናሺቱ ያንን የእብነ በረድ ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትንሸራተት አለች። ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ የሚቆሙት አዳዲስ ልጆች ወንዶች ብቻ አልነበሩም። ካሜራው ያላሳየው ሰው መምጣት እንደሚችል አያውቅም።

አዲሱ ቪዲዮ በ2015 አለቀ። ዐሥራ ሰባት ደቂቃ ነው። የታወቀ ዘፈን አላስገባንም፤ ኢንተርኔት ላይ ሲጫን በባለመብቱ ጥያቄ ድምፁ ሊዘጋ ይችላል። የሰፈራችን አንድ ልጅ ክራር ተጫወተልን፤ ፈቃዱንም ሰጠን። የምረቃውን ዕለት በአንዱ ጓደኛችን ግቢ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጠርን፣ ፕሮጀክተር ተዋስን። እትዬ ቡና አፈሉ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ወላጆቻችንን ሁሉ ጠራን። የማሙሽ እናት ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። መጡ፤ ከኋላ ተቀመጡ።

መውደቁንም አስገብቼ ነበር፤ የማሙሽን ሳይሆን የእኔን፣ የሌሎቻችንን፣ የቀናትን ሙከራ። እናቶች ሲያዩ «ውይ!» እያሉ ዐይናቸውን ይሸፍናሉ። ከዚያ ማሙሽ መጣ። ሦስቱ ደረጃ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጥያቄ የተቀረጸ ነው። ቦርዱ ከእግሩ ሥር ዞሮ ተመለሰ፣ አረፈ፣ ሄደ። ግቢው በቦርድ ድምፅ ተናወጠ። ዞር ብዬ ሳይ እናቱ በባዶ የቡና ስኒ ወንበሩን ያንኳኳሉ።

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። ደረጃው፣ ጠርዙ፣ ቦዩ፣ አረንጓዴው በር፣ የወጣነው ግቢ፣ ሁሉም። ብዙ ጎረቤት ገላን ጉራ ገባ፤ ሌላው በየአቅጣጫው ተበተነ። አሁን ከተማው ውስጥ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ መሬቱ ያኔ ከምናልመው በላይ ለስላሳ ነው። ጥበቃ ቢያስነሳን ሌላ እንፈልጋለን። ግን ሻማ የቀባነው ጠርዝ ያለው አሁን በቪዲዮው ውስጥ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ደግሜ የምላችሁ፦ ትሪኩን ብቻ አትቅረጹ። ካሜራውን ዞር አድርጉና ሱቁን፣ ጥበቃውን፣ ዳር የተቀመጠውን ሰው አንዳንድ ደቂቃ ያዙ። አስፈቅዱ፤ አልፈልግም ያለን ሰው ተዉ። በእኔ ጊዜ ይህን ሆን ብዬ አላደረግኩትም። አጋጣሚ ሆኖ ከጀርባ ገብቶልኝ ነው።

ባለፈው ዓመት ለገና ገላን ጉራ ማሙሽ ቤት ሄጄ ነበር። ቪዲዮውን በፍላሽ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ቴሌቪዥን ላይ ሰካነው። ማሙሽ ደረጃውን የሚወርድበት ጋ ስንደርስ እናቱ «እዚህ ጋ መልስልኝ» አሉኝ። ልጃቸውን ሊያዩ መስሎኝ መለስኩ። እሳቸው ግን ወደ ስክሪኑ ቀርበው በጣታቸው የቀኙን ጥግ ያሳያሉ። እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ ያደርጋሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ረከቦቱን አንስተው ወደ አረንጓዴው በር ያስጠጋሉ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደገቡ ማናችንም አላወቅንም።

«አንዴ ድገምልኝ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ መለስኩላቸው። በአራተኛው ማሙሽ ሪሞቱን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ መለሰላቸው።